የመስተዋት ቤትና የጎረቤት ሐቅ

የአዲስ አበባ ሙስሊም ቂብላውን የሚያውቀው በተራራ ነው። መካ ከከተማችን በስተሰሜን፣ ጥቂት ወደ ምሥራቅ ዘንበል ብላ ስለምትገኝ፣ መርካቶም ይሁን ቄራ፣ ኮልፌም ይሁን ቦሌ የሚሰግድ ሰው ፊቱን የሚያዞረው ወደ እንጦጦ ነው። እንግዳ ቤት ገብተን ቂብላው ሲጠፋን በመስኮት ብቅ ብለን ተራራውን እንፈልጋለን፤ ተራራው ካለበት እንሰግዳለን። ይህ ጸሐፊም ዕድሜውን ሙሉ እንዲሁ ሲያደርግ ኖሮ፣ ባለፈው ታኅሣሥ ግን ራሱ ተራራው ላይ ወጥቶ «ቂብላው በየት በኩል ነው?» ብሎ ለመጠየቅ ተገደደ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አብሮ አደጌ የሆነ ወንድም ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በሚያወጣው ዳገት ላይ ቤት ሠርቶ ለዱዓ ጠራን። እኔና እሱ ያደግነው መርካቶ ውስጥ፣ አራት ቤተሰብ በአንድ ግቢ በሚኖርበት የቀበሌ ቤት ነው። የነሱ ቤት አንዲት የእንጨት መስኮት ብቻ ነበረችው፤ እሷ ስትዘጋ ቀኑ ሌሊት ይሆን ነበር። ጓደኛዬ የቤት ሥራውን ደጃፍ ላይ ተቀምጦ፣ አላፊ አግዳሚው እግሩን እየረገጠው ይሠራ እንደነበር አስታውሳለሁ። እንዲህ ያደገ ሰው አላህ (ሱ.ወ.) ሪዝቁን ሲያሰፋለት በብርሃን የተሞላ ቤት ቢሠራ ማን ይፈርድበታል? እኔ አልፈርድበትም። ይህን አስቀድሜ መናገሬ ጽሑፌ በሀብታም ላይ የተሰነዘረ ሐሜት እንዳይመስል ነው።

ቤቱ ጂ ፕላስ ቱ ነው። ወደ ደቡብ የዞረው ፊቱ ከወለል እስከ ኮርኒስ መስተዋት ሲሆን፣ ወለሉ ግራናይት፣ ፍሬሙ ጥቁር አልሙኒየም ነው። ሳሎኑ ውስጥ ሲገቡ ከተማው በሙሉ እግር ሥር ይዘረጋል። በ2014 ዓ.ም. የተመረቀውና 209 ሜትር የሚረዝመው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሕንጻ እንኳ ከዚያ ላይ ሆነው ሲያዩት ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ዕቃ ይመስላል። ሰማዩ ሲጠራ የረርና ዝቋላም ይታያሉ። ጠሪያችን መጋረጃ እንኳ አልሰቀለም። «መጋረጃ ለመስቀል ቢሆን ኖሮ እዚህ ድረስ ምን አመጣኝ?» አለን እየሳቀ።

የዐስር ሰዓት ሲደርስ ቂብላውን ጠየቅን። በጀርባችን ወዳለው ግድግዳ አመለከተን። ያ ወገን ተራራው ተቆርሶ በካባ ድንጋይ የተደገፈበት ስለሆነ ደረጃው፣ ዕቃ ቤቱና መታጠቢያ ቤቱ የተሰለፉት እዚያ ነው። ብርሃንና ከተማው ሁሉ በስተጀርባችን ሆኖ፣ ፊታችንን ወደ ደፈኑ ግድግዳ አዙረን ሰገድን። በዚህ ምንም ስሕተት የለበትም፤ እንዲያውም ለኹሹዕ የሚመቸው ደፈን ያለ ግድግዳ ነው። ነገር ግን ቤቱ በአንድ ወገን ዓይን ብቻ፣ በሌላው ወገን ጀርባ ብቻ ሆኖ መሠራቱን ያስተዋልኩት ያን ጊዜ ነው።

ከሶላት በኋላ የጓደኛዬ አባት ሐጂ ወደ መስተዋቱ ቀረብ ብለው ቁልቁል ተመለከቱ። ከከተማው በፊት፣ ከእግራቸው ሥር አንድ የቆርቆሮ ቤትና ጠባብ ግቢ ነበር። ግቢው ላይ በአራት የባሕር ዛፍ ቋሚ ሰማያዊ ሸራ ተወጥሯል።

«ይህን ሸራ ማን ነው የወጠረው?» አሉ።

«እማማ ናቸው፣ አባባ። እኛ ቤቱን ጨርሰን ከገባን በኋላ ነው የወጠሩት፤ ለዝናብ መሰለኝ» አለ ልጃቸው።

«በታኅሣሥ?» አሉና ዝም አሉ። ሌላው እንግዳ ወደ ምግቡ ዞረ።

መኪናዬን ያቆምኩት ከእማማ በር አጠገብ ስለነበር ልሄድ ስወርድ አገኘኋቸው። መንገድ እንደዘጋሁባቸው ገምቼ ይቅርታ ጠየቅሁ። እሳቸው ግን ግባ ብለው በርጩማ ሰጡኝ፤ ኪዳነ ምሕረት ደጅ ያረጁ፣ እጃቸው በምጣድ እሳት የጠቆረ እናት ናቸው። ስለ ሸራው ጠየቅኋቸው። «ምን ላድርግ ልጄ» አሉኝ። «ጸጉሬን ታጥቤ የማደርቀው እዚህ ነበር፤ በርበሬዬን የማሰጣው እዚህ ነበር። ሰዎቹ ደጎች ናቸው፣ አልዋሽም። ባዩኝ ቁጥር ከላይ ሆነው እጃቸውን እያወዛወዙ ሰላም ይሉኛል። እሱ ነው የከበደኝ።» ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ማታ ደግሞ ተራው የኔ ነው፤ መብራት ሲበራ ሁሉም ነገር ወለል ብሎ ይታያል። ነውር ስለሆነ እገባለሁ» አሉኝ።

ይህን ሲሉኝ ቀና አልኩ። ቀኑ መሽቷል። የጓደኛዬ ቤት እንደ ትልቅ ቴሌቪዥን በርቷል። ሴቶቹ እንግዶች ከወንዶቹ ተለይተው ፎቅ ላይ ነበሩ፤ ከወንድ ዓይን የተሰወሩ መስሏቸው ሒጃባቸውን አውልቀው ይጨዋወታሉ። ቶሎ አንገቴን ደፋሁ። ይህ መስተዋት ሪፍሌክቲቭ የሚባለው ዓይነት ነው። የቤቱ ባለቤት «ከውጭ ምንም አይታይም» ብሎ የነገረን ቀን ላይ ቆሞ ነው። እንደዚህ ያለው መስተዋት የሚሸፍነው ከጨለማው ወገን ያለውን ሰው ነው። ቀን ላይ ውጭው ስለሚበራ ውስጡ ይሰወራል፤ ማታ ውስጡ ሲበራ ነገሩ ይገለበጣል፤ በቤቱ ያለው ሰው የሚያየው የራሱን መልክ ብቻ ሲሆን፣ በዳገቱ ያለው ሁሉ ደግሞ እሱን ያየዋል። እንግዲህ ሴቶቻችንን ከወንዶች ለይተን ፎቅ አወጣናቸው፤ ነገር ግን ለአንድ ሰፈር አበራናቸው። ዓይኑን የሰበረላቸው ሙስሊሙ ባለ ቤት አልነበረም፤ ከታች ያሉት እናት ነበሩ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ይህ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። ከጓደኛዬ ጋርም ከአንድ ጊዜ በላይ ተከራከርን። የሱ መልስ አጭርና ቅን ነው፦ «እኔ የማየው ከተማውን ነው እንጂ እሳቸውን አይደለም። ልቤን አላህ ያውቃል።» እውነቱን ነው፤ ልቡን አላህ ያውቃል። እማማ ግን አያውቁትም። ጸጉራቸውን ፈትተው በፀሐይ ሲቀመጡ ከላይ ያለው ሰው ዝቋላን ይሁን እሳቸውን የሚመለከት በምን ይለያሉ?

በዚህ ረገድ ኢብኑ ዐብዱልሐከም ስለ ግብጽ መከፈት በጻፉት ታሪካቸው የዘገቡት አንድ ነገር አለ። ፉስጣጥ በተቆረቆረች ጊዜ ኻሪጃ ኢብኑ ሑዛፋ (ረ.ዐ.) ከቤታቸው ላይ ሰገነት ሠሩ። ወሬው መዲና ደረሰ። ዑመር (ረ.ዐ.) ለገዢው ለዐምር ኢብኑል ዓስ (ረ.ዐ.) የላኩት ትእዛዝ፣ እዚያ ክፍል ውስጥ አልጋ አስገብቶ፣ ረጅምም አጭርም ያልሆነ ሰው አልጋው ላይ እንዲያቆምና ሰውየው በመስኮቱ ቁልቁል ማየት ከቻለ ሰገነቱ እንዲፈርስ የሚል ነበር። ተሞከረ፤ ሰውየው ማየት አልቻለም፤ ሰገነቱም ተረፈ። አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ልብ እንበል። ኻሪጃ ሰሐባ ናቸው። ዑመር ግን «ኻሪጃ ታማኝ ሰው ነው ወይስ አይደለም?» ብለው አልጠየቁም። የጠየቁት ስለ አልጋና ስለ መስኮት ቁመት ነው። የሰው ልብ የሚመዘንበት ቀን ሌላ ነው፤ የመስኮት ነገር ግን በሜትር ይለካል።

ጉዳዩን ከዚህ በላይ ያብራራልኝ የዑስማኒያ መንግሥት ከ1869 እስከ 1876 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ የሐነፊን ፊቅህ በአንቀጽ ከፋፍሎ ያወጣው መጀላ የተባለው ሕግ ነው። በመጀላ አንቀጽ 1201 እና ተከታዮቹ ውስጥ እኛ «ብርሃን»፣ «እይታ» እያልን የምናምታታው ነገር ተለያይቶ ይገኛል። ብርሃን ሐቅ ነው፤ ጎረቤትህ ሠርቶ ክፍልህን ጽሑፍ እስከማይነበብ ድረስ ካጨለመብህ ከባድ ጉዳት ነውና ይወገዳል። ውብ እይታ ግን ሐቅ አይደለም፤ ጎረቤትህ ፊት ለፊትህ ሠርቶ ተራራውን ቢከልልህ አቤቱታ የለህም። በሌላ በኩል የጎረቤት ማድቤት፣ የጉድጓድ አፍና ግቢ፣ ማለትም ሴቶች የሚውሉበት ቦታ ከአዲሱ መስኮትህ የሚታይ ከሆነ ይህ ራሱ ከባድ ጉዳት ነው። መፍትሔው ሁልጊዜ መስኮቱን መድፈን እንዳልሆነም ሕጉ ይናገራል፤ ግድግዳ ወይም የእንጨት መከለያ ይበቃል። የመከለያው ወጪ ደግሞ የሚወድቀው መስኮቱን በከፈተው ላይ ነው።

በዚህ ሚዛን የእንጦጦውን ጉዳይ እንመዝነው። ጓደኛዬ ሐቁ ያልሆነውን እይታ አገኘ። መከለያውን የሠሩት ግን እማማ ናቸው፤ በገዛ ገንዘባቸው፣ በገዛ ግቢያቸው። ከገንዘቡ የሚብሰው ደግሞ የከፈሉት ብርሃናቸውን መሆኑ ነው። ሸራው ዓይንን ሲከላከል ፀሐይንም ከለከለ፤ አንዲት በር ብቻ ያላት ቤታቸው ብርሃን የምታገኘው ከዚያች ግቢ ነበርና አሁን ቀትር ላይ አምፖል ይበራባታል። በርበሬያቸውን ሰው ግቢ ወስደው ያሰጣሉ። የመርካቶው ልጅ ከጨለማ ቤት ሲወጣ ጨለማው አልጠፋም፤ ወደ ጎረቤት ተዛወረ እንጂ።

የአገራችን ሕግስ ምን ይላል የሚል ይኖራል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1225 ባለንብረት በጎረቤቱ ላይ ሁከትና ጉዳት እንዳያደርስ ይከለክላል፤ በስም የሚጠራቸውም ጪስ፣ ጥቀርሻ፣ መጥፎ ሽታ፣ ድምፅና ንዝረት ናቸው። ዓይን በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ቢኖርም እማማ ክስ መሥርተው ፍርድ ቤት ይመላለሳሉ ብዬ አላስብም። ሸራው የሳቸው አቤቱታ ነው።

ሌላው የሚነሳ ሐሳብ «እሳቸው ክርስቲያን ናቸው፤ እንደኛ ስለ መታየት አይጨነቁም» የሚለው ነው። ይህን ከአንድ የተማረ ወንድም አፍ ስሰማ አፈርኩ። ዐብዱላህ ኢብኑ ዐምር (ረ.ዐ.) በግ ባሳረዱ ጊዜ ደጋግመው የጠየቁት ለአይሁዳዊው ጎረቤታቸው ሥጋ መላኩን ነበር። ለጎረቤት ሥጋ መላክ ሃይማኖት የማይጠየቅበት ከሆነ፣ የጎረቤትን ገመና መጠበቅ እንዴት ይጠየቅበታል? ፈቃድ ሳይጠይቁ ሰው ቤት አለመግባት የተደነገገውም በዓይን ምክንያት እንደሆነ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ተምረናል። ከሳሎን ወንበር ሳይነሱ በየቀኑ ሰው ግቢ የሚገባ ዓይን በሩን መቼ አንኳኳ?

ለመሆኑ ይህ ዓይነት ቤት ከየት መጣ? የመስተዋት ቤት ዝነኛ የሆነው አሜሪካ ውስጥ ነው። ፊሊፕ ጆንሰን የራሱን በ1949 እ.ኤ.አ. በኮነቲከት፣ ሚስ ቫን ደር ሮኸ ደግሞ ለዶክተር ኢዲት ፋርንስወርዝ በ1951 እ.ኤ.አ. በኢሊኖይ የሠሯቸው ቤቶች በየአርክቴክቸር ትምህርት ቤቱ ይጠናሉ። ሁለቱም የቆሙት በሰፊ መስክና ዛፍ መካከል ነው፤ ከመስተዋቱ ማዶ ያለው ዛፍ እንጂ ጎረቤት አይደለም። እንዲያም ሆኖ ዶክተሯ ቤታቸው ሰላም ነሳቸው። በገዛ ቤታቸው ሁልጊዜ የሚታዩ ሆኖ ስለተሰማቸው በአደባባይ አማረሩ፤ ከአርክቴክቱም ጋር ፍርድ ቤት ተካሰሱ። እኛ እንግዲህ በዚያ ሰፊ መስክ ያልተሳካውን ቤት አምጥተን፣ የአንዱ ጣሪያ ከሌላው ደጃፍ በሚያያዝበት ዳገት ላይ ተከልነው።

ይህን ስል የጥንቱን የጭቃ ቤት ለማሞገስ አይደለም። ያደግሁበት ስለሆነ አውቀዋለሁ፤ ጪሱ ዓይን ያጠፋል፣ ወለሉ በክረምት ይረጥባል፣ ማገሩን ምስጥ ይበላዋል። ይሁን እንጂ አንድ ነገር ያውቅ ነበር፤ በባሕር ዛፍ ቋሚና ማገር ላይ በጭድ የተቦካ ጭቃ የተመረገበት ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ይዞ ያመሻል። እንጦጦ ደግሞ ብርድ ነው። የተራራው ከፍታ እስከ 3,200 ሜትር ይደርሳል፤ እቴጌ ጣይቱም በ1879 ዓ.ም. ወደ ፍልውሃ ወርደው አዲስ አበባ እንድትቆረቆር ምክንያት ከሆኑት ነገሮች መካከል ብርዱና የማገዶው እጥረት ይገኙበታል። ወደ ደቡብ የዞረ መስተዋት በበጋ ቀትር ላይ ፀሐይን ይጋብዛል፤ ያን ጊዜ ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለችና። ማታ ግን ያንኑ ሙቀት መልሶ ይሰጣል። በክረምት ደግሞ ፀሐይ ቀትር ላይ ወደ ሰሜን ስለምታልፍ መስተዋቱ በቀጥታ አያገኛትም። በዱዓው ምሽት ከግራናይቱ ላይ የወጣው ብርድ ጉልበታችን ድረስ ዘልቆ፣ ባለ ቤቱ ሁለት የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ይዞ ሲሯሯጥ ነበር።

ከራሳችን ቤት መማር ከፈለግን ሐረር አለች። የሐረር ሰው ቤት ጌ ጋር ከውጭ ሲታይ ደፈን ያለ የድንጋይ አጥር ነው። ከበሩ ሲዘልቁ ግን ሰማዩ በግቢው ይገባል፤ ግቢው ብርሃኑን በበሩ በኩል እየተደራረቡ ከፍ ለሚሉት ነደባዎችና በግድግዳው ለተሰቀሉት ሰፌዶች ያድላል። ባለ ቤቱ ብርሃን አላጣም፤ ጎረቤቱም ዓይን አልበላውም። በ1998 ዓ.ም. ጀጎል በዓለም ቅርስነት ስትመዘገብ የጎብኚው ካሜራ የሚያተኩረው በቀለሙ ላይ ነበር፤ ለእኔ የሚደንቀኝ ግን በዚያ ሁሉ ጥብብ ውስጥ አንዱ የሌላውን ግቢ አለማየቱ ነው። ካይሮዎችም መስኮታቸውን መሽረቢያ በሚባል የእንጨት መጋረጃ ሸፍነው ነፋሱንና ብርሃኑን አስገቡ።

እኔ ራሴ ከዚህ ነገር ንጹሕ አይደለሁም። የምኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ከበረንዳዬ ፊት ለፊት ያለው ብሎክ ሠላሳ እርምጃ አይሞላም። የጎረቤቴ ልጅ ምን ለብሶ ትምህርት ቤት እንደሚሄድ፣ ባልና ሚስቱ መቼ እንደተኳረፉ አውቃለሁ። እኛ ግን ብሎኩን አልመረጥነውም፤ ዕጣ ነው ያስቀመጠን። በገዛ ገንዘቡ ፕላን አሠርቶ፣ መስኮቱን በገዛ ጣቱ ያሳየ ሰው ተጠያቂነቱ ይከብዳል። ሌላም ልናዘዝ። የዚያን ዕለት ሐጂ ከመስተዋቱ ዘወር ካሉ በኋላ እኔ እዚያው ቆሜ ቀርቼ ነበር። እማማ ከሸራው ጠርዝ ወጣ ብለው እግራቸውን ሲታጠቡ አየሁ፤ ካየሁም በኋላ ማየቴን አላቆምኩም። ክፉ ሐሳብ አልነበረኝም። ከላይ ሆኖ ሰውን፣ ሰው ሳያውቅ ማየት ራሱ የሆነ ጣዕም አለው። እንጦጦ በነገሥታቱ ዘመን የተመረጠው ከዚያ ላይ ሆኖ መጪውን ሁሉ ለማየት ስለሚያስችል ነበር፤ ያ ጣዕም ዛሬ በካሬ ሜትር ይሸጣል።

ለጓደኛዬ ያቀረብኩት ሐሳብ ቤቱን አፍርስ የሚል አይደለም። ከተማው ሩቅ ስለሆነ በመስተዋቱ ላይ የሚታየው ከዓይን ትይዩ ነው፤ የእማማ ግቢ ቅርብና ዝቅ ያለ ስለሆነ የሚታየው በመስተዋቱ የታችኛው ክፍል በኩል ነው። ስለዚህ መስተዋቱን ከወለሉ እስከ ደረት ነጭ ስቲከር ቢለጥፍበትና ሰው ወደ መስተዋቱ ተጠግቶ እንዳይቆም አንድ እርምጃ ወርድ ያለው የአበባ መደብ ከፊቱ ቢያኖር፣ ግቢው ይሰወራል፤ ዝቋላም የትም አይሄድም። ብርሃኑም በስቲከሩ ውስጥ ያልፋል። ለማታው ደግሞ ያው የተናቀው መጋረጃ አለ።

ከሦስት ሳምንት በፊት ደወለልኝ። ሜትር ይዞ ሲለካ እንደዋለ፣ የምኝታ ቤቶቹ መስተዋት ላይ ስቲከሩን እንዳስለጠፈና መጋረጃም እንዳሰቀለ ነገረኝ። «ሳሎኑስ?» አልኩት። ባለቤቱ «ስቲከር ሳሎኑን ክሊኒክ ያስመስለዋል» ብላ እምቢ ብላዋለች፤ የአበባ መደቡን ግን አናጺ ጠርቶ እያስለካ ነው። ባለፈው ዓርብ ከጁምዓ በኋላ በዚያ ስልፍ እማማን ሰላም አልኳቸው። የምኝታ ቤቶቹን መስተዋት እያዩ፣ «ነጭ አደረጉት፤ እግዜር ይስጣቸው» አሉኝ። ሸራው እንደተወጠረ ነው። በርበሬው ገና ሰው ግቢ ነው።